የኤንፒአር የፊት መከላከያ፦ ሞተሩ እየጋለ፣ ጋቢናውም አልገለበጥ እያለ ተቸገርኩ

ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን ሽንኩርትና ማሾ የማመላልስ የአይሱዙ ኤንፒአር ሹፌር ነኝ። ባለፈው ክረምት ደብረ ሲና መውጫ ላይ ጭጋግ ውስጥ አህያ ገባችብኝ። አልተረፈችም፤ እስካሁን ያሳዝነኛል። ማስኬሪናውም (ለራዲያተሩ አየር የሚያስገባው የፊት ፍርግርግ) ተሰባበረ።

ከዚያ በያጅ ጋ ሄጄ ባለ 3 ኢንች ቱቦ መከላከያ አሠራሁ። ሻንሲው ላይ በብሎን ታስሯል፤ ቁመቱ እስከ መስታወቱ ሥር ይደርሳል። ማስኬሪናውን በላሜራ ተካሁት። ያሉት ጣት የሚያስገቡ 6 ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው። ሲያዩት ግን ያምራል።

የጣርማ በርን ዳገት ታውቁታላችሁ። ከ1300 ሜትር አካባቢ ተነስቶ ከ3000 በላይ ይወጣል። ጭነት ይዤ ስወጣ የሙቀት ጌጁ ቀዩ ጋ ይጠጋል። ራዲያተሩን አሳጠብኩ፣ የማራገቢያውን ቺንጋ (ቀበቶ) ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ላሜራውን ፈትቼ ስወጣ ጌጁ መሃል ላይ ቆመ። ጋቢናው ደግሞ ወደፊት ሲገለበጥ ከቱቦው ጋር ይጋጫል። ሞተሩን ለማየት በተነሳሁ ቁጥር መከላከያውን መፍታት ሆኗል ሥራዬ።

ላሜራውን አውጥቼ የሽቦ መረብ ላስገባ ወስኛለሁ። የቀረኝ ቱቦው ነው። ከብት በሚበዛበት በዚህ መንገድ ከፊት መብራቶቹ በታች ቆርጬ ላሳጥረው ወይስ ቁመቱን ሳልነካ ማጠፊያ አስበይጄ ወደፊት የሚተኛ ላድርገው?