ጥቆማ፦ ለኢየሩሳሌም ጉዞ የትኛውን ሌንስ ልያዝ?

ከደብረ ማርቆስ የጠየቅከን ወንድማችን፣ እናትህን ይዘህ ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም ልትሳለም ነው፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። ካሜራህ ካኖን 700ዲ ነው፤ አብሮት የመጣው 18-55 ሚሜ ሌንስ (ኪት የሚባለው) እና ያገለገለ 50 ሚሜ ኤፍ 1.8 አለህ (ኤፍ የሌንሱ ክፍተት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ የሚገባው ብርሃን ይበዛል)። ባህር ዳር ካለ ስቱዲዮ ሩቁን የሚያቀርበውን 70-200 ልከራይ ወይስ ሌላ ልግዛ ነው ያልከው። እኔን ከጠየቅከኝ 70-200ውን ተወው። ለኪራዩ ባሰብከው ብር ላይ ትንሽ ጨምረህ 24 ሚሜ ኤፍ 2.8 ኤስቲኤም (የካኖን የፎከስ ሞተር ዓይነት ነው) ግዛ፣ 50ህን ያዝ፣ አቅምህ ከፈቀደ ደግሞ ሰፊውን 10-18 ደርብበት።

እኛ ጎጃም የምንሠራ ሰዎች ረጅም ሌንስ የምንወደው ያለ ነገር አይደለም። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲወጡ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ፀሐዩ ጠራርጎ ያበራል፣ ፈረሱ ደግሞ ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ ያለ 200 የምትይዘው አቧራ ብቻ ነው። ሠርግ ላይም ሙሽሮቹን ራቅ ብለህ ጀርባውን አደብዝዘህ ለማንሣት ይመቻል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ደግሞ ሌንሱ ካልረዘመ ደንበኛው ባለሙያ መጣልኝ አይልም። ኢየሩሳሌም ላይ የሚጠብቅህ ግን ጠባብ ቦታ፣ ደብዛዛ ብርሃንና ትከሻ ለትከሻ የቆመ ሕዝብ ነው።

የጎልጎታን ቤተ ክርስቲያን በር እንዳለፍክ ከፊትህ የምታገኘው ጌታ የተገነዘበት ድንጋይ ነው። ከላዩ መብራቶች ተንጠልጥለዋል፣ ዙሪያውን ከየአገሩ የመጣ ምእመን ተንበርክኳል። እናትህ ጎንበስ ብለው ነጠላቸውን ድንጋዩ ላይ ሲያሻሹ ማንሣት ትፈልጋለህ፤ በአንተና በእሳቸው መካከል አንድ ሜትር ክፍት ቦታ ካገኘህ ዕድለኛ ነህ። የ700ዲ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ክሮፕ፣ ማለትም ከሙሉው መጠን ያነሰ ስለሆነ የሌንሱን ቁጥር በ1.6 አባዛው፦ 70-200ው እንደ 112-320 ያያል፣ 50ህ እንደ 80፣ 24ቱ እንደ 38። ይባስ ብሎ ብዙዎች የሚያከራዩት የካኖን 70-200 ኤፍ 2.8 ሁለተኛው ሞዴል ከ1.2 ሜትር በታች ፎከስ አያደርግም። እናትህ ፊትህ ቆመው ሌንሱ አላውቃቸውም ይልሃል። 24ቱ እስከ 16 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል፤ የተሸበሸበ እጃቸውንና ድንጋዩን አንድ ላይ ታነሣበታለህ።

ክብደቱንም አስበው። ያ 70-200 ብቻውን 1,490 ግራም ነው። ካሜራህ ከነባትሪው 580፣ 24ቱ 125፣ ኤስቲኤም የሆነው 50 ደግሞ 160፣ 10-18ቱ 240 ግራም፤ አራቱ ተደምረው 1,105። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኢኮኖሚ ላይ የሚፈቅደው የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ ነው። በመልስ ጉዞ ደግሞ እናትህ ለጎረቤት ሁሉ በ33 በ33 የታሰረ ሻማ እንደሚገዙ ከአሁኑ እወቅ፤ ማን ይሸከመዋል?

አሁን ወደ ብርሃኑ እንምጣ፣ ዋናው እሱ ነው። 18-55ህ 55 ላይ ሲደርስ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። 50ህ በኤፍ 1.8 ከዚያ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል፤ በኪቱ 1/30 ሴኮንድ ላይ ሰው ተንቀሳቅሶ የሚበላሽብህ ፎቶ በ50ው 1/250 ላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል። የ24ቱ ጥቅም በዚህ በኩል ያን ያህል አይደለም፤ ኪቱ ራሱ 24 አካባቢ ኤፍ 4 ገደማ ስለሚከፈት ልዩነቱ እጥፍ ነው። ያ እጥፍ ግን አይኤስኦህን (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበትን መጠን) ከ6400 ወደ 3200 ያወርድልሃል፣ በ700ዲ ላይ ደግሞ 6400 ማለት በአሸዋ የተነሰነሰ ፊት ማለት ነው። ኪቱ አንድ የሚበልጥበት ነገር መንቀጥቀጥ መከላከያ ስላለው ነው፤ ቆሞ ለማይነቃነቅ ሥዕልና ጣሪያ ይጠቅማል፣ ለሰው ግን ምንም አያደርግልህም። 24ቱን ካጣህ ኪትህን ያዝ፣ አትጨነቅ።

10-18ቱን የምመክረው በተለይ ለዴር ሡልጣን ነው። ገዳማችን ያለው በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ስለሆነ ቀን የምታገኘው ነጭ ነጠላና የሚያንጸባርቅ ድንጋይ ነው፤ ኤፍ 8 ላይ አድርገህ የመነኮሳቱን ጎጆዎችና በመካከል ያለውን ጉልላት በአንድ ፍሬም ታስገባለህ። ከዚያ ወደ ታች በምትወርድባቸው የአርባዕቱ እንስሳና የቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤቶች ውስጥ ወደ ኋላ የምትሸሽበት ቦታ የለም። በአዲሱ ከተማ በኩል ያለችው ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ደግሞ ክብ ስለሆነች ውስጧን በሰፊ ሌንስ ካልሆነ አታሳያትም። ቤተልሔም የልደቱ ዋሻም እንደዚያው ጠባብ ነው። ስልክህ ሰፊ ካሜራ ካለው ግን 10-18ቱን መግዛት የለብህም፤ ለቀን ሥራ ስልኩ ይበቃል፣ ብርህን ለሌላ ነገር አውለው።

ቀዳም ሥዑር ማታ አባቶች ከበሮ እየመቱ ጣሪያው ላይ ሲዞሩ 50ውን አድርግ፣ ሌላ አትቀይር። ፊቱ ላይ ያለውን ዩቪ ፊልተር (መከላከያ መስታወቱን) አስቀድመህ ንቀለው፤ ጨለማ ውስጥ የሻማው ነበልባል ፊልተሩ ላይ እያንጸባረቀ በፎቶህ ላይ ሁለተኛ ሻማ ይፈጥርብሃል። ካሜራውንም ከአውቶ አውጣው፣ አለበለዚያ ፍላሹ ራሱ ብድግ ይልና መነኩሴው ፊት ያሳፍርሃል። የአይሁድ ምዕራባዊ ግንብ ዘንድ ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ ፎቶ ክልክል ነው፣ እዚያ ሌላ ቀን ሂድ።

ረጅም ሌንስ የሚያስመኝህ አንድ ቦታ ደብረ ዘይት ተራራ ነው፤ ከዚያ አሮጌው ከተማ ከነግንቡ ፊት ለፊትህ ይዘረጋል። ጓደኛ የሚያውስህ 55-250 ኤስቲኤም ካለ 375 ግራም ብቻ ነው፣ ያዘው። ለዚያ አንድ ፎቶ ብለህ ግን አትግዛ።

ኪራይ ወይስ ግዢ ላልከው፦ ባህር ዳር ያሉት ስቱዲዮዎች የሚያከራዩት ለሠርግ ተብሎ በቀን ሒሳብ ነው። ለሁለት ቀን ቢሆን እኔም ተከራይ እልህ ነበር። ለጉዞ ግን መንገድ ላይ ያለፈው ቀን ሁሉ ይቆጠርብሃል፣ መያዣ ይጠየቃል፣ ከአገር ይወጣል ስትላቸው ደግሞ አብዛኞቹ ፊታቸው ይቀየራል፤ አይፈረድባቸውም። ከአዲስ አበባ አዲስ ማስመጣት ዋጋው ይከብዳል፣ ግን ሱቁ ላይ ሞክረህ ትወስዳለህ። 24ቱ በ2014 እንደ አውሮፓ ሲወጣ 149 ዶላር ነበር፤ ከካኖን ርካሾቹ አንዱ ስለሆነ ያገለገለውን ፈልግ። እዚያው ደርሼ እገዛለሁ አትበል። በማታውቀው ሌንስ ትንሣኤን ማንሣት አይሆንም።

ያገለገለ ስትገዛ፣ በተለይ ከጣና ዙሪያ ከሆነ፣ ሻጋታውን እይ። የሐይቁ እርጥበት ሌንስ ይበላል። ሌንሱን ከካሜራው አውጥተህ ሁለቱንም ክዳን ክፈት፣ በአንድ በኩል የስልክ መብራት አብርተህ በሌላው በኩል አዘንብለህ ተመልከት፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ካየህ መልስለት። አቧራ ከሆነ ግድ የለም። ቀጥሎ ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፈህ በሰፊው አፐርቸር (በትንሹ የኤፍ ቁጥር) አንሣና አራቱን ማዕዘን አጉልተህ አወዳድር፤ አንዱ ብቻ ከደበዘዘ ሌንሱ ወድቆ ይሆናል። 50 ላይ ደግሞ የሚገጠምበትን ቀለበት እይ፤ ኤስቲኤሙ ብረት ነው፣ ከእሱ በፊት የነበረው ፕላስቲክ ነው፣ ይሰበራል።

ከመሄድህ በፊት ዘጌ ውረድና ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግባ። አስፈቅደህ፣ ያለ ፍላሽ፣ የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕል ከጠባቡ ዙሪያ ሆነህ አንሣ። በ24ቱ ምን ያህል እንደምታስገባ፣ በስንት የሹተር ፍጥነት እጅህ እንደሚጸና እዚያው ታውቀዋለህ። ለሌሊቱ ደግሞ ማርቆስ አጠገብህ አይደል፤ ማኅሌት ቆመህ በጧፍ ብርሃን ተለማመድ።

ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አታድርግ፣ ክልክል ነው። ካሜራህንና ሌንሶችህን ስትወጣ ቦሌ ጉምሩክ ላይ ከነሴሪያል ቁጥራቸው አስመዝግባቸው፤ ስትመለስ ከውጭ ገዝተህ ያመጣሃቸው ተብሎ ክርክር እንዳይነሣ።

ስለ ሌንስ የጠየቅሽን ፍኖተ ሰላም ያለሽው ኒኮን ዲ3100 የያዝሽ እኅታችን፣ ላንቺ የ24ቱ ምትክ ኤኤፍ-ኤስ 35 ሚሜ ኤፍ 1.8 ዲኤክስ ነው፤ 200 ግራም፣ ብርሃኑም ከ24ቱ ይበልጣል። ሱቅ ላይ ረከስ ያለውን 50 ሚሜ ኤፍ 1.8ዲ ሊያሳዩሽ ይችላሉ፣ አትውሰጂው፤ ካሜራሽ ውስጥ የፎከስ ሞተር ስለሌለ በእጅ ስታሽከረክሪ ትኖሪያለሽ። ስሙ ላይ ኤኤፍ-ፒ የሚል ሰፊ ሌንስ ካየሽም እለፊው፤ በዲ3100 ላይ ፎከስ አያደርግም።