ጊትን ለጀማሪ ከየት እንጀምርለት፦ ከኤዲተሩ ፕለጊን ወይስ ከተርሚናል?

የሂርማታ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጅማ ቅዳሜ ከሰዓት ለጀማሪዎች ኮዲንግ የምናስተምር ሦስት ሰዎች ነን። በአንድ ጉዳይ መስማማት አቅቶናል፤ እስቲ ፍረዱን።

ጊት (የኮድን ለውጥ እየመዘገበ የሚያስቀምጠውን ፕሮግራም) ስናስተምር ልጆቹ ከመጀመሪያው ቀን የኤዲተራቸውን ፕለጊን ይጠቀሙ፣ ማለትም ኮድ በሚጽፉበት ፕሮግራም ውስጥ ጊትን በቁልፍ የሚያሠራውን? ወይስ ቢያንስ ለአንድ ወር ትእዛዙ በእጅ በሚጻፍበት ተርሚናል ላይ ብቻ ይሥሩ? ሁለቱ ጓደኞቼ ተርሚናል ይላሉ። እኔ የፕለጊን ወገን ነኝ።

አብዛኞቹ ልጆች ተርሚናል ከፍተው አያውቁም። የመጀመሪያው ሰዓት ፎልደር ፍለጋ ላይ ያልቃል። ጊት ገና አልተነካም፣ እነሱ ግን ደክሟቸዋል። ፕለጊኑን ሲከፍቱ የነኳት መስመር በቀይና በአረንጓዴ ትታያቸዋለች። "አሃ፣ ይሄን ነው የለወጥኩት" ይላሉ። ጊት ምን እንደሚጠቅም የሚገባቸው ያኔ ነው። ያንን ለአንድ ወር ለምን እንከልክላቸው?

ባለ ጥቁሩ ስክሪን

እህቴ፣ ልፋትሽን አከብራለሁ፤ በዚህ ግን አልስማማም። ቁልፉን ያውቁታል፣ ከቁልፉ ጀርባ ያለውን አያውቁትም። ችግሩ እዚያ ላይ ነው።

ቪኤስ ኮድ የሚባለውን ኤዲተር እንውሰድ። "ሲንክ" የሚለው ቁልፍ ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ፑል ያደርጋል (የሌሎችን ሥራ ከሰርቨር ያመጣል)፣ ቀጥሎ ፑሽ (የራሱን ይልካል)። ልጁ ግን አንድ ነገር ብቻ ያደረገ ይመስለዋል። ፑሉ ላይ ግጭት ሲመጣ (ሁለት ሰው አንድ ቦታ ለውጦ ሲገኝ) ከየት እንደመጣ አያውቅም።

ሌላም አለ። ምንም ነገር ስቴጅ ሳታደርጊ (የሚመዘገበውን ሳትመርጪ) ኮሚት (መዝግብ) ስትይ ኤዲተሩ "ሁሉንም ስቴጅ አድርጌ ኮሚት ላድርገው?" ብሎ ይጠይቃል። ከምርጫዎቹ አንዱ "ሁልጊዜ" ነው። ጀማሪ ጥያቄው እንዳይደገምበት ብሎ "ሁልጊዜ"ን ይጫናል። ከዚያ ወዲህ መምረጥ የሚባል ደረጃ የለም፤ ፎልደሩ ውስጥ ያለው ሁሉ ይገባል። የዳታቤዝ ፓስወርድ የተጻፈበት ፋይልም አብሮ ይገባል። በማግሥቱ ፋይሉን ቢያጠፋው እንኳ ፓስወርዱ ታሪኩ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል።

እኔ የምሠራው ሰርቨር ላይ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ማታ ሲስተሙ ተበላሸብን። አብሮኝ ለሚሠራው ልጅ ደውዬ "ወደ ትናንቱ ኮሚት መልሰው" አልኩት። "ኤዲተሩ እዚህ ማሽን ላይ የለም" አለኝ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ በቁልፍ እንዲማር ያደረግነው እኛ ነን። ሥራውን በስልክ ፊደል በፊደል እያስቆጠርኩት ጨረስን። ያን ማታ አልረሳውም።

የኪቶ ተማሪ

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ነው የምማረው። ተርሚናል እውነቱን ያሳያል ለምትሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። ፋይላችሁን በአማርኛ ሰይማችሁ ታውቃላችሁ?

የክፍል ፕሮጀክታችን በሁለት ቋንቋ የሚሠራ የቡና ርክክብ መዝገብ ነው። ጓደኛዬ የአፋን ኦሮሞውን ክፍል ያዘ፣ እኔ የአማርኛውን። የእሱ ፋይሎች በቁቤ ስለተሰየሙ ተርሚናሉ ላይ ጥርት ብለው ይነበባሉ። እኔ ጊት ስታተስ (ምን ተለውጧል የሚለው ትእዛዝ) ስል የሚወጣልኝ የቁጥር መዓት ነው። የፋይሉ ስም "ሀ" ብቻ ቢሆን እንኳ ጊት የሚጽፈው \341\210\200 ብሎ ነው። አንድ ፊደል ሦስት ባይት ስለሆነ ማለት ነው። ስሙ ረዘም ካለ አስቡት።

ሦስት ቀን ሙሉ ፋይሉ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። አጥፍቼ እንደገና ጻፍኩት። ያው ሆነ። ኤዲተሩ ውስጥ የጊቱን ፓነል ስከፍት ግን የፋይሉ ስም በአማርኛ ቁጭ ብሏል። ለእኔ እውነቱን ያሳየኝ ፕለጊኑ ነው።

ባለ ጥቁሩ ስክሪን

ወንድሜ፣ የተናገርከው ልክ ነው። መፍትሔው ግን አንድ መስመር ነው። በጊት ኮንፊግ (ቅንብሩ) ውስጥ "ኮር ነጥብ ኮትፓዝ" የሚለውን "ፎልስ" አድርገው፣ ፊደሉ ይመጣል። ከዚያ በኋላም ሳጥን ሳጥን ብቻ ከታየህ ችግሩ የተርሚናሉ ፎንት ነው።

የኪቶ ተማሪ

አመሰግናለሁ፣ አሁን ሞከርኩት፤ ሠርቷል። ግን ይሄን ማን ነግሮኝ ያውቃል? ጀማሪ በገዛ ፊደሉ የጻፈው ስም ወደ ቁጥር ሲቀየርበት "ይሄ ነገር ለእኔ አልተሠራም" ነው የሚለው። እኔ ብዬ ነበር።

የሂርማታ ልጅ

ይሄ ነገር በጣም ነካኝ። እኛ ማስተማሪያ ፋይሎቹን ሁሌም በእንግሊዝኛ ነው የምንሰይማቸው። ለካ ችግሩን ሳናየው ያለፍነው ለዚህ ነው።

ቆየት ያልኩ ኮደር

ልጆች፣ እኔም ልግባበት። ኢማክስ የሚባለው የድሮ ኤዲተር ሰው ነኝ። በኤዲተር ውስጥ ሆኖ ቨርዥን ኮንትሮል (የኮድን የለውጥ ታሪክ መያዝ) መሥራት ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። ኢማክስ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ቪሲ የሚባል ክፍል ነበረው። ጊት የተወለደው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። የሊኑክስ ከርነል ሠሪዎች ለዚሁ ሥራ ይገለገሉበት የነበረው ቢትኪፐር የተባለ ፕሮግራም በነፃ መሰጠቱ ሲቀር ሊኑስ ቶርቫልድስ ጊትን ጻፈው። ማጊት የሚባለውን የኢማክስ ፕለጊን ማሪየስ ፎልመር በ2008 ጀመረው። ቪም በሚባለው ኤዲተር ላይ ደግሞ የቲም ፖፕ ፊዩጂቲቭ አለ። እነዚህን የሚጠቀሙት ከጀማሪ ይልቅ ተርሚናሉን በቃላቸው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ፕለጊን የሰነፍ መንገድ ነው የሚለውን ነገር ከክርክሩ እናውጣው።

ጥያቄው ፕለጊኑ ይደብቃል ወይስ ያሳያል ነው። ማጊት ላይ የዶላር ምልክቷን ስትጫኑ ከጀርባ ያስኬደውን ትእዛዝ በሙሉ ያወጣላችኋል። ቪኤስ ኮድም "አውትፑት" የሚለውን ፓነል ከፍታችሁ ጊትን ብትመርጡ እያንዳንዱን ትእዛዝ ከነፈጀበት ጊዜ ይጽፋል። ባለ ጥቁሩ ስክሪን፣ ያ "ሲንክ" ሁለት ሥራ መሆኑ እዚያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጀማሪው የማያየው ያቺን ፓነል ክፈት ብለን ስለማናስተምረው ነው።

አሁን ስለ ስቴጅ። የቡና አገር ልጆች ስለሆናችሁ በቡና ልናገር። ጆንያው የሥራ ፎልደራችሁ ነው፤ ሁሉም ነገር አለበት፣ ጠጠሩም ገለባውም። ሰፌዱ ስቴጁ ነው። ከጆንያው ዘግናችሁ ሰፌዱ ላይ ታደርጋላችሁ፣ ትለቅማላችሁ። ምጣዱ ኮሚት ነው። ከጆንያው በቀጥታ ምጣድ ላይ የሚገለብጥ ሰው የለም። "ሁልጊዜ" የምትለዋ ምርጫ ሰፌዱን የምትጥል ናት። በዚህ ባለ ጥቁሩ ስክሪን ልክ ነው።

ግን ሰፌዱ ላይ ለመልቀም የሚመቸው የቱ ነው? አንድ ፋይል ውስጥ ሁለት የተለያየ ሥራ ሠርታችኋል እንበል። ተርሚናል ላይ "ጊት አድ ሰረዝ ፒ" ብላችሁ እያንዳንዷን ቁራጭ "ትግባ? አትግባ?" እያለ ይጠይቃችኋል። ወደፊት ምን እንዳለ ሳታዩ ነው የምትመልሱት። ማጊት ላይ ለውጡ ሁሉ ፊታችሁ ተዘርግቷል። ከርሰሩን የምትፈልጓት ቁራጭ ላይ አድርጋችሁ የኤስን ፊደል መጫን ነው። ቪኤስ ኮድም መስመር መርጣችሁ ስቴጅ እንድታደርጉ ያስችላል። ለቀማ ዓይን ይፈልጋል። እኔ ተርሚናሉን ይህን ሁሉ ዘመን እያወቅኩት ለለቀማ ፕለጊኑን የምመርጠው ለዚህ ነው።

ከአዌቱ ማዶ

ጋሼ፣ የሰፌዱ ነገር ገብቶኛል። እኔ ግን የተቃጠልኩት በፕለጊን ነው።

ጀማሪ እያለሁ አዲስ ፎልደር ውስጥ የግማሽ ቀን ሥራ ሠራሁ። አንድም ኮሚት አላደረግሁም። የጊቱ ፓነል ላይ ብዙ ፋይል ተደርድሮ ሳይ ደነገጥኩ። ዝርዝሩን ላጸዳው ብዬ ለውጡን የሚጥለውን ቀስት ነካሁ። ማስጠንቀቂያ መጣ፤ አላነበብኩትም፤ እሺ አልኩ። ፋይሎቹ ሄዱ። ማልቀሴን አስታውሳለሁ።

ብቻዬን እንዳልሆንኩ የተረዳሁት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ የቪኤስ ኮድ ተጠቃሚ በዚሁ መንገድ የወራት ሥራ አጥቶ በንዴት የጻፈው መልእክት ብዙ ሰው አነጋግሯል። ማስጠንቀቂያውም ከዚያ በኋላ ጠንከር ተደርጓል። ለጀማሪ "ለውጡን ጣል" ማለት "ዝርዝሩን አጽዳ" ይመስላል። ተርሚናል ላይ ቢሆን ግን "ጊት ክሊን ሰረዝ ኤፍ" ብሎ በእጁ መጻፍ ነበረበት። በስህተት የሚጻፍ ነገር አይደለም።

ቆየት ያልኩ ኮደር

አይዞሽ ልጄ። ይሄን ያልቀመሰ የለም። ግን ተርሚናልም አያድንም። ጊት ሪሴት ሰረዝ ሰረዝ ሃርድ (ያልተመዘገበውን ጥለህ ተመለስ) ያለ ሰው ስንት ሥራ አጥቷል! እሱ ደግሞ ማስጠንቀቂያ እንኳ አይሰጥም።

ለጀማሪ መነገር ያለበት ምን እንደሚመለስና ምን እንደማይመለስ ነው። ኮሚት የተደረገ ነገር ቢሰወርም ሪፍሎግ በሚባለው የጊት የእንቅስቃሴ መዝገብ ውስጥ ይገኛል። ቅንብሩን ካልነካካችሁት ጊት ሪፍሎጉን 90 ቀን፣ ከየትኛውም ብራንች (የሥራ ቅርንጫፍ) የተቆረጠውን ደግሞ 30 ቀን ያቆያል። አንዴ ስቴጅ የተደረገ ፋይል ኮሚት ባይሆንም ይዘቱ ጊት ማኅደር ውስጥ ለጊዜው ይቀመጣል፤ "ኤፍኤስሲኬ" በሚባለው ትእዛዝ ይፈለጋል። ጆንያው ውስጥ ብቻ የነበረውን ግን ጊት አያውቀውም። የአንቺ ፋይሎች እዚያ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2022 ወዲህ ግን ቪኤስ ኮድ ራሱ ሴቭ ያደረግሽውን እየመዘገበ ያስቀምጣል፤ የጠፋ ፋይልም ከዚያ ፈልጎ ማምጣት ይቻላል። ይሄ ከጊት ውጭ የሆነ፣ የኤዲተሩ ሥራ ነው።

ባለ ጥቁሩ ስክሪን

ጋሼ፣ በለቀማው ረትተውኛል። "ሰረዝ ፒ"ን ከዓመት አንዴም አልጠቀምባትም፤ አሁን ሳስበው ምክንያቱ አለመመቸቷ ነው። አንድ ወር ያልኩትንም እተዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አልለቅም። ስታተስ፣ ዲፍ (ልዩነቱን ማየት)፣ አድ (ስቴጅ ማድረግ)፣ ኮሚት፣ ሎግ (ታሪኩን ማየት)። እነዚህን አምስቱን ጣታቸው ማወቅ አለበት። ታሪክ የሚለውጡት ሪቤዝና ፎርስ ፑሽ ይቆዩ። እነዚህን አምስት የማያውቅ ሰው ኤዲተር የሌለበት ማሽን ላይ እጁ የታሰረ ነው።

የኪቶ ተማሪ

አምስቱን እቀበላለሁ። የላፕቶፕ ነገር ግን ይታሰብበት። እኛ ክፍል ለሁለት አንድ የሚጋሩ አሉ። መብራት ሲሄድ ባትሪው እስኪያልቅ ነው የሚሠራው። ያቺ አጭር ጊዜ ትእዛዝ በመሸምደድ ብቻ ባታልቅ ደስ ይለኛል። ኔት ሲጠፋም ኮሚት ማድረግ እንደሚቻል ቀድማችሁ ንገሩን። ብዙ ልጅ ጊት ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ ይመስለዋል። ኔት የሚፈልገው ፑሽና ፑል ነው።

የሂርማታ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐሳቤን ትንሽ ቀይራችሁታል። የፊታችን ቅዳሜ እንዲህ ላድርግ።

ልጆቹ ለሁለት አንድ ላፕቶፕ ይይዛሉ። አንዱ በፕለጊኑ ይሠራል። ሌላው የአውትፑት ፓነሉን እያየ ከጀርባ የሄደውን ትእዛዝ ጮክ ብሎ ያነባል። ከዚያ ይቀያየራሉ፤ ሁለተኛው ያነበበውን ራሱ ተርሚናል ላይ ይጽፈዋል። ፋይሎቹን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ እንሰይማለን። "ሁልጊዜ" የምትለዋን እንዳይነኩ በመጀመሪያው ቀን እነግራቸዋለሁ። አንድ ፋይል ደግሞ ሆን ብለን እናጠፋለን፤ የሚመለሰውንና የማይመለሰውን በዓይናቸው ይዩት።

ጓደኞቼ አሁንም ተርሚናል ይቅደም እያሉ ነው። በዚህ አልተስማማንም።

ባለ ጥቁሩ ስክሪን

እኔም ብሆን ይቅደም ነው የምለው። ግን ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ መጥቼ ኤዲተር የሌለው ማሽን ላይ ላሠራቸው፣ ያን ጊዜ እናየዋለን።

ከአዌቱ ማዶ

የሚጠፋውን ፋይል ክፍል እኔ ላስተምር። ምን እንደሚሰማ አውቀዋለሁ።

ቆየት ያልኩ ኮደር

ሰፌዱንና ያልተለቀመ ቡናውን እኔ አመጣለሁ።

የኪቶ ተማሪ

ኮትፓዙን በየላፕቶፑ ላይ ቀድሜ መጥቼ አስተካክላለሁ። ስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?

የሂርማታ ልጅ

ሰባት ተኩል። መልቲፕለግ ካለህ ይዘህልን ና።