ለኒኮን ዲ3000 ካሜራ የትኛው ፕራይም (ዙም የሌለው) ሌንስ ይሻላል፦ 35 ወይስ 50?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ዲ3000 አብሮት ከሚሸጠው 18-55 (ኪት) ሌንስ ጋር አለኝ። ቤት ውስጥ ያለ ፍላሽ ሳነሳ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) 1600 ካላደረስኩ ፎቶው ይደበዝዛል፤ ሳደርሰው ደግሞ ይሻክራል። ያገለገሉ 50 ሚ.ሜ ኤፍ/1.8ዲ እና 35 ሚ.ሜ ኤፍ/1.8ጂ አግኝቻለሁ፤ 50ው ይረክሳል። የቱን ልውሰድ? ከመግዛቴ በፊትስ ምን ልፈትሽ?

መልስ 1
35ቱን ይውሰዱ። ምክንያቱ የምስል ጥራት ሳይሆን ሞተር ነው። ዲ40፣ ዲ60፣ ዲ3000 እና ዲ5000 ቦዲያቸው (የካሜራው አካል) ውስጥ የፎከስ ሞተር የለም፤ 35ቱ የራሱ ሞተር አለው፣ 50 ዲው ግን የለውም። ስለዚህ የብርሃን ልኬቱ ይሠራል፣ ፎከሱን ግን በእጅ ማዞር ግድ ነው። 50ው በኤፍ/1.8 (ቁጥሩ ሲያንስ የብርሃን መግቢያው ይሰፋል) ከአንድ ሜትር ርቀት ጥርት አድርጎ የሚይዘው ጥልቀት 3 ሴ.ሜ እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ ፋይንደሩ (በዓይን የምናይበት መስኮት) ትንሽ ነው፣ ከእውነተኛውም የበለጠ ጥልቀት ያሳያል፤ ዓይን መሳሳቱ አይቀርም። ፋይንደሩ ውስጥ የምትበራው ነጥብ ለቆመ ነገር ትረዳለች፣ ለሚሯሯጥ ልጅ ግን አትደርስም። ካሜራው ዲ80 ወይም ዲ90 ቢሆን ሞተር ስላላቸው 50ውም ያዋጣ ነበር።

ኪት ሌንሱ 35 ላይ የሚከፍተው እስከ ኤፍ/4.5 ነው። ኤፍ/1.8 ስድስት እጥፍ ያህል ብርሃን ስለሚያስገባ 1600 የነበረው ወደ 250 ይወርዳል። ለእንዲህ ዓይነት የቆየ ሴንሰር ይህ ትልቅ ለውጥ ነው።

መልስ 2
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ፍተሻውን ልጨምር። የስልክ መብራት ከኋላ በኩል ገደድ አድርገው ያብሩበት። ትንሽ አቧራ ፎቶ ላይ አይወጣም፤ የሸረሪት ድር የሚመስል ክር ካዩ ግን ሻጋታ ስለሆነ ይተዉት። ከኋላ ያለችውን የአፐርቸር (የብርሃን መግቢያው ቀዳዳ) ዘንግ በጣት ገፍተው ይልቀቋት። ክንፎቹ ዘይት ካላቸው ቀስ ብለው ይዘጋሉ፣ በኤፍ/8 የሚነሳው ፎቶም ከልክ በላይ ይነጣል።

ቀጥሎ ፎከስ። ቀጥ ብሎ የቆመ ካርቶን አጠገብ ማስመሪያ በ45 ዲግሪ ያጋድሙና በኤፍ/1.8፣ በመሃለኛው የፎከስ ነጥብ፣ ካርቶኑ ላይ ፎከስ አድርገው አምስት ስድስት ጊዜ ያንሱ። በየመሃሉ ፎከሱን አዛብተው እንደገና ይያዙ። ስህተቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሆነ ሌንሱን አይግዙ፤ ዲ3000 ከሜኑ ማስተካከያ የለውም። አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ ከሆነ ግን ብርሃን ጨምረው ይድገሙት፤ ጥፋቱ የሌንሱ ላይሆን ይችላል።

በመጨረሻ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ ፊት ለፊት ቆመው በኤፍ/2.8 ያንሱ። አንዱ ጎን ብቻ ከደበዘዘ ውስጡ ያለ መስታወት ከቦታው ተዛብቷል ማለት ነው። 35ቱ በኤፍ/1.8 ጠርዞች ላይ የሚያሳየው ሐምራዊና አረንጓዴ ቀለም ግን ተፈጥሮው ነው፤ አፐርቸሩ ሲዘጋ ይቀንሳል።

መልስ 3
ካኖን ለያዛችሁ፦ በ1990 የወጣው ፕላስቲኩ 50 ሚ.ሜ ኤፍ/1.8 እና በ2015 የተካው ኤስቲኤም ሁለቱም የራሳቸው ሞተር አላቸው፤ የትኛውም የኢኦኤስ ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለው ዲጂታል ካሜራ) ላይ ይሠራሉ። ኤስቲኤሙ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ እስከ 35 ሴ.ሜ ይቀርባል፤ የድሮው 45 ሴ.ሜ ላይ ያቆማል። ያገለገለ ስትገዙ በኤፍ/1.8 ብቻ አንስታችሁ እንዳትረኩ። የአፐርቸር ሽቦው የተበጠሰ ሌንስ በኤፍ/1.8 ያለ ምንም ችግር ያነሳል፣ ኤፍ/8 ላይ ሲደረግ ግን የድሮው ቦዲ ኢረር 99፣ አዲሱ ኢረር 01 ብሎ ይቆማል።