«የእኛ ታሪክ አይደለም» ስለተባለው የዊልያምስበርግ ጉዞ

የሁለት ልጆች እናት፦ ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ «የቅዳሜው የልጆች ጉዞ ይቅር፤ የባርነት ድራማ ነው፣ የእኛም ታሪክ አይደለም» የሚል ሳነብ አንጀቴ አረረ። ዊልያምስበርግ እኮ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ኑሮ በተግባር የሚታይባት የቨርጂኒያ ሙዚየም ከተማ ናት። ባለፈው ሰመር ልጄን ወስጄው ነበር። ጡብ ከሚሠሩት ጋር ጫማውን አውልቆ ጭቃ ረገጠ። ሥራው የባሮች እንደነበር ሲነግሩት እግሩን አየት አደረገ። መኪና ውስጥ «በቀን ስንት ሰዓት ነበር የሚረግጡት?» አለኝ። ይሄ ድራማ ነው?

ጋሼ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰው ባሪያ ሆኖ ሲተውን ለልጅ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ1994 እዚያው የባሪያ ጨረታ በተውኔት ሲያሳዩ የተቃወመው የጥቁር አሜሪካውያን የመብት ድርጅት ኤንኤኤሲፒ ነው። የታሪኩ ባለቤቶች የተቃወሙትን እኛ ምን አገባን?

የአሌክሳንድሪያው፦ ጋሼ፣ ያዘጋጁትም ባለቤቶቹ ናቸው። ያኔ የሙዚየሙ የጥቁሮች ታሪክ ክፍል ኃላፊ የነበረችው ክሪስቲ ኮልማን ጥቁር ናት፤ ራሷም ለጨረታ ከቀረቡት አንዷ ሆና ተጫውታለች። ሊቃወሙ ከመጡት መሪዎች አንዱ ካየ በኋላ ሐሳቡን ቀይሯል።

የቦስተኗ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እዚህ ቦስተን ሙዚየም ውስጥ ልጆች በእንግሊዝ የሻይ ቀረጥ ላይ የተነሳውን የእ.ኤ.አ. 1773ቱን ተቃውሞ እየደገሙ የሻይ ሣጥን ባህር ይጥላሉ። ሣጥኑ በገመድ ታስሯል፤ ይጎትቱትና ለቀጣዩ ልጅ ይሰጡታል። ተቃውሞ ዋጋ እንደሚያስከፍል በምን ይወቁ?

የሁለት ልጆች እናት፦ ለዚህ እኮ ነው ዊልያምስበርግ የሚሻለው! በአሜሪካ አብዮት ዋዜማ ከከተማዋ ሕዝብ ከግማሽ በላይ ጥቁር ነበር፤ አብዛኛውም ባሪያ። እ.ኤ.አ. በ1775 እንግሊዝ የሾመችው የቨርጂኒያ ገዢ ደንሞር፣ ከዐመፀኞች ጌቶቻቸው ሸሽተው ለንጉሡ ለሚዋጉ ባሮች ነጻነት አወጀ። ልጅ ይሄን ሲሰማ «ነጻነት ለማን?» ብሎ ይጠይቃል።

ጋሼ፦ ይጠይቅ። እኛ ግን የዓድዋ ልጆች ነን፤ በሰንሰለት አልመጣንም። «የእኛ አይደለም» ያልኩት ይሄንን ነው።

የአሌክሳንድሪያው፦ ዓድዋ ኩራቴ ነው። ግን ልጅዎን ጥቁር ነው ብሎ መንገድ ላይ የሚያስቆመው ፖሊስ ስለ ዓድዋ አይጠይቀውም። ደግሞ በአገራችንስ ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. አይደለም?

ጋሼ፦ የአገራችንን እዚህ ምን አመጣው?

የአሌክሳንድሪያው፦ «የእኛ አይደለም» ያሉት እርስዎ ነዎት።

ጋሼ፦ አገሬን ከአሜሪካ ጋር አታመሳስል! የእኔ ልጅ አይሄድም።

የሁለት ልጆች እናት፦ መብትዎ ነው። የእኔ ልጅ ይሄዳል። የምትልኩ ቅያሪ ልብስ አስይዙ፤ ጭቃው ቶሎ አይለቅም።