ጭቃውን ማን ያስተምር? የሀዋሳ ወላጆችና መምህራን ክርክር

አወያይ፦
ሰላም ቤተሰብ። ቅዳሜ በወላጅ ስብሰባ ያልቋጨነውን እዚህ እንቋጨው። ካልሆነም እዚሁ እንጣላ። ላልነበራችሁ ባጭሩ፦ ትምህርት ቤታችን ለክረምት ትንሽ የሥልጠና ገንዘብ ይዟል። የክወናና እይታ ጥበባት (ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ የእጅ ሥራና መሰሉን) የሚያስተምሩልን መምህራን አብዛኞቹ ለዚያ ትምህርት አልሠለጠኑም። አንዱ ወገን በሥነ ጥበብ የተመረቀ ሰው በኮንትራት ይቀጠር አለ። ሌላው፣ የክፍል መምህራኑ በሙሉ ዐሥር ቀን በእጅ ሥራ ይሠልጥኑ፣ አሠልጣኞቹም የከተማችን ሸክላ ሠሪዎች፣ ቀርከሃ ሠሪዎችና ስፌት ሰፊዎች ይሁኑ አለ። ሦስተኛው ወገን ደግሞ ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው፣ ብሩ ለንባብና ለሒሳብ ማጠናከሪያ ይዋል ባይ ነው። እኔ የእጅ ሥራው ሥልጠና ላይ ነኝ፤ አልደብቅም። በሉ።

የሁለት ልጆች አባት፦
ማጠናከሪያው! ልጄ 4ኛ ክፍል ነው። አንድ አንቀጽ ሲያነብ ላብ በላብ ይሆናል። ማባዛት ላይ ጣቱን ይቆጥራል። መጀመሪያ ይህ ይስተካከልልኝ። ጭቃ ለማቡካትማ ክረምት ሲገባ ደጃችን ሞልቷል፤ አሠልጣኝም አይፈልግ።

የ2ኛ ሐ መምህርት፦
ወንድሜ፣ ስለ ንባቡ እውነትዎን ነው። ግን አንድ ነገር ልንገርዎ። ክፍሌ ውስጥ 62 ልጆች አሉ። መስከረም ላይ ግማሾቹ እርሳስ የሚጨብጡት እንደ ዘነዘና ነው። ክንዳቸው በሙሉ ይንቀሳቀሳል እንጂ ጣታቸው አይሠራም። «ጨ» ጻፉ ሲባሉ ወረቀቱ ይቀደዳል። ዘንድሮ ጭቃ አምጥቼ በመዳፋቸው እያንከባለሉ ቀጭን እባብ እንዲሠሩ፣ ከዚያ እባቡን አጥፈው ፊደል እንዲያወጡ አደረግኳቸው። ሁለት ሳምንት ገደማ። ጥናት አልጠቅስልዎትም፤ ጣታቸውን አይቼ ነው የማወራው። እርሳሱን ቀለል አድርገው መያዝ ጀመሩ።

ችግሩ ያለው እኔ ጋ ነው። ኮሌጅ እያለሁ ሥነ ጥበብን የተማርኩት በሞጁል ነው። ፈተናው ላይ «ቀይና ቢጫ ሲቀላቀል ምን ይሰጣል?» የሚል መጣ። ብርቱካናማ ብዬ ጻፍኩ። ጥሩ ውጤትም አገኘሁ። ብሩሽ ግን በእጄ ነክቼ አላውቅም። ሸክላ አቡክቼ አላውቅም። ልጆቹ አርብ ዕለት ላምና ዝሆን ሠሩልኝ፤ ቶሎ እንዲደርቅ ብዬ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ሰኞ ስንመጣ እግር የሌለው ላም፣ ኩምቢው የወደቀ ዝሆን። አንዷ ተማሪ አለቀሰች። «ቲቸር፣ ለምን ተሰነጠቀ?» አሉኝ። ምን ልበል? አላውቅማ!

ሎድ ማሟያ፦
ስሜን ያወጣሁት ራሴ ነኝ። የሒሳብ መምህር ነኝ። ክፍለ ጊዜዬ ጎደለና ርዕሰ መምህሩ «ጥበባቱን ያዝልን፤ ቀላል ነው» አለኝ። በቃ ያዝኩት። ሰሌዳ ላይ ጎጆ እሥላለሁ፣ አጠገቡ ዛፍ፣ ከላይ ፀሐይ። ክፍሉ በሙሉ ይገለብጣል። የኔን የመሰለ ጥሩ ያገኛል።

አንድ ቀን «ሐይቃችንን ሣሉ» አልኩ። አንድ ልጅ ሐይቁን ቡናማ አድርጎ አመጣ። «ውኃ ሰማያዊ ነው» ብዬ ከ10 አራት ሰጠሁት። ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ልበላ ሄድኩ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ጎርፉ ገብቶ የሐይቁ ዳር እንዳለ ቡናማ። ልጁ አይቶ ነው የሣለው። እኔ ነኝ ሳላይ ያረምኩት።

ስለዚህ ከልብ ነው የምለው፦ እኔን ከማሠልጠን ባለሙያ ቅጠሩ። በዐሥር ቀን ምን ልሆን ነው?

ከአቶቴ፦
እስቲ የሒሳብ መምህሩን በሒሳብ ልጠይቀው። ከ1ኛ እስከ 6ኛ፣ በየደረጃው አራት ክፍል፤ 24 ክፍል። በሳምንት ሁለት ሁለት ክፍለ ጊዜ ቢባል 48። አንድ ሰው ይችለዋል? አይችለውም። ስለዚህ ከ5ኛና ከ6ኛ ወደ ታች አይወርድም። ሕፃናቱ እዚያው ካንተ ጋ ቀሩ ማለት ነው። ደግሞ የኮንትራቱ ጊዜ ሲያልቅ ሰውየው ከነብሩሹ ይሄዳል።

ሎድ ማሟያ፦
ተሸነፍኩ። 48 የሚለውን ሳላሰላ ነው የገባሁት። ለሒሳብ መምህር ነውር ነው።

ጡረተኛው፦
ልጆች፣ እኔ በኖራና በሰሌዳ አርጅቻለሁ፤ ትንሽ ታገሡኝ። በኛ ጊዜ ትምህርቱ «ሀንድክራፍት» ነበር የሚባለው። ዓመቱ ሲያልቅ «የእጅ ሥራ ይዛችሁ ኑ» እንላለን። ልጆቹ ሰፌድ፣ ሙዳይ፣ የቃጫ ገመድ ይዘው ይመጣሉ። ማን ሠራው? እናት። ወይም ገበያ። አንዲት ቀይና አረንጓዴ ሙዳይ ነበረች። መጀመሪያ ታላቅየው አመጣት፤ ስምንት ሰጠኋት። በዓመቱ እህቱ ይዛት መጣች፤ ዘጠኝ። በሦስተኛው ዓመት የጎረቤት ልጅ ይዟት ሲመጣ ነው የነቃሁት። ሰባት ሰጠሁት፤ አርጅታ ነበርና።

ከዚያ የ1986ቱ ፖሊሲ መጣ። ከ1ኛ እስከ 4ኛ አንድ መምህር ሁሉንም ያስተምር ተባለ። ሥዕሉም ሙዚቃውም ስፖርቱም «ኤስቴቲክስ» በሚል አንድ ከረጢት ውስጥ ገባ። ከረጢቱ ሲፈታ የሚወጣው ኳስ ብቻ ነበር። ኳሷን ወርውሮ ልጆቹን መልቀቅ፤ ሌላ የለም። በ2015 ሥራ ላይ የዋለው ሥርዓተ ትምህርት ስፖርቱን ለብቻው አውጥቶ ለጥበባቱ የራሳቸውን ቦታ ሰጥቷል። ደግ አደረገ። ግን መጽሐፉ ተለወጠ እንጂ የመምህሩ እጅ መች ተለወጠ?

ሥልጠና ስትሉ የምፈራው አንድ ነገር አለ። አንድ ሰው ሄዶ ሦስት ቀን ይሠለጥናል። ተመልሶ ለጉድኝቱ፣ ለአጎራባች ትምህርት ቤቶቹ፣ በግማሽ ቀን ያካፍላል። ከዚያ የተካፈሉት በሻይ ሰዓት ለቀሩት ይነግራሉ። ላይ ወተት ሆኖ የተነሳው ታች ሲደርስ አጓት ነው። እንዲህ ከሆነ የአባትየው ማጠናከሪያ ይሻላል።

ሌላም ልጨምር። ባለ እጅ ሁሉ መምህር አይደለም። ጎበዝ ሸክላ ሠሪ 62 ልጅ ፊት ብታቆሟት ትደነግጣለች።

የ2ኛ ሐ መምህርት፦
ጋሼ፣ ልጆቹ ፊት የምትቆመው እሷ አይደለችማ። እኛ ፊት ነው የምትቆመው። እሷ ለኛ፣ እኛ ለልጆቹ።

ደግሞ ሥልጠና ማለት ሠዓሊ መሆን አይደለም። እኔ የሚያስፈልገኝን ልንገራችሁ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ጭቃ ለማደል ዐሥር፣ እጅ ለማስታጠብና ለመጥረግ ሌላ ዐሥር። ግቢው ውስጥ የምትሠራው ቧንቧ አንዲት ናት። ለሥራ የሚተርፈኝ 20 ደቂቃ ነው። መቀስ አራት አለኝ፤ ለ62 ልጅ። ዐሥራ ሁለቱን ጭቃ ላይ አስቀምጬ የቀሩትን በከሰልና በእርድ እያሣልኩ በየሳምንቱ ላዟዙር? ሙጫውን ከዱቄት እቤቴ አፍልቼ ላምጣ? ይህን አብሮኝ የሚያስብ ሰው ነው ያጣሁት። ጠዋት ከባለሙያዋ ጋ እጃችን ይቡካ። ከሰዓት እኛ መምህራን ቁጭ ብለን ይህ እንዴት ክፍል ውስጥ ይገባል እንበል። አርባ ስላይድ ከሚታይልኝ ይህ ይሻለኛል።

ሎድ ማሟያ፦
የማርክ አሰጣጡስ? የቡናማውን ሐይቅ ልጅ እንዴት ነበር ማረም የነበረብኝ? ይሄ ነገር አሁንም እንቅልፍ ይነሳኛል።

ጡረተኛው፦
«ለምን ቡናማ አደረግከው?» ብለህ ብትጠይቀው ኖሮ ራሱ ያርምልህ ነበር። ሙዳይዋንም እኔ «እስቲ አንድ ዙር እዚሁ ስፊልኝ» ብል ኖሮ ጉዱ በመጀመሪያው ዓመት ይወጣ ነበር። ውጤት የሚሰጠው እፊትህ ለተሠራ ነው። አክርማውን፣ የስፌቱን ሣር፣ አርሳለች ወይ? ደረቁን ከጀመረችው ይሰነጠቃል። ወስፌውን በትክክል ይዛለች ወይ? ሲበላሽ ፈታ እንደገና ጀመረች ወይ? ይህን ታያለህ። ማማር መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነው።

የሸክላ ልጅ፦
እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እናቴ ሸክላ ትሠራለች። ጀበና፣ ምጣድ፣ ድስት። በሲዳማ የሸክላ ሠሪው ወገን ሃዲቾ ይባላል። ምን ያህል ሲናቅ እንደኖረ፣ ጋብቻ ሳይቀር ሲነፈግ እንደነበር የአገሩ ሰው ያውቀዋል። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። እኔ ግን ትምህርት ቤት «እናትሽ ምን ትሠራለች?» ስባል «ነጋዴ» ነበር የምለው። ውሸት አይደለም፤ ትሸጣለች። ግን ለምን እንዲያ እንዳልኩ አውቃለሁ።

ማታ የ2ኛ ሐ ቲቸርን መልእክት አነበብኩላት። ስለ ላሙ እግር ስትሰማ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ጥያቄ በጥያቄ ላይ አወረደችብኝ። አፈሩን ነፍታዋለች ወይ? ገል፣ የተሰበረ ሸክላ፣ ፈጭታ ቀላቅላበታለች ወይ? ቡኮው አድሯል ወይ? ፀሐይ ላይ ማን አስጡ አላት! ጥላ ሥር፣ ጨርቅ ጣል ተደርጎበት ቀስ እያለ ነው የሚደርቀው። ላዩ ቶሎ ከደረቀ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቀርና ይጎትተዋል፤ ይሰነጠቃል። እግሩም ዝም ብሎ አይለጠፍም። የሚገናኙትን ሁለቱን ቦታ ጫር ጫር አድርጎ በቀጭን ጭቃ ማጣበቅ ነው። ይህን ሁሉ ቡና እየቆላች ነው የነገረችኝ፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም።

አሠልጥኚ ብትሏት ትመጣለች። ግን እንደ ባህል ትርዒት ጥግ ላይ አስቀምጣችሁ ፎቶ እንድታነሷት አይደለም። ወንበር ይሰጣት። ሌላ አሠልጣኝ የሚከፈለው አበል ይከፈላት። የምስክር ወረቀቱ ላይም «አሠልጣኝ» ተብሎ ስሟ ይጻፍ።

የ2ኛ ሐ መምህርት፦
ገል! ገል የሚባል ነገር እንደሚጨመር ዛሬ ገና ሰማሁ። እማማን እጄን ነስቼ አመሰግናለሁ በይልኝ።

የሁለት ልጆች አባት፦
እኔ በወግ አልቀለበስም። ልጄ ማንበብ አለበት። ደግሞ ሥራው ተናቀ የተባለው ልክ ነው፤ ግን ልጆቻችንን ሸክላ ሠሪ ለማድረግ ነው ወይ የምንልካቸው? ከተማችን ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ ዩኒቨርሲቲ አላት።

ከአቶቴ፦
ፓርኩ ውስጥስ የሚሠራው በምን ሆነና? በእጅ ነው። እህቴ እዚያ ትሰፋለች። መጀመሪያ የተቸገረችው ጨርቁን ቀጥ አድርጎ በማስኬዱ ነበር እንጂ በቋንቋው አልነበረም። ለሸክላ ሠሪነት ማንም ማንንም አልላከ፣ ወንድሜ። ሒሳብ የሚማርም ሁሉ የሒሳብ ሊቅ አይሆንም።

የሁለት ልጆች አባት፦
ይሁን። ግን ብሩን በግማሽ እንክፈለው፤ ግማሹ ማጠናከሪያ። አለበለዚያ ቅዳሜ እጄን አላወጣም።

አወያይ፦
ግማሽ ከሆነ ዐሥሩ ቀን አምስት ይሆናል። አምስት ቀን ለሸክላ ብቻ ነው፤ ቀርከሃውም ስፌቱም ይቀራል። እኔ ይሁን ባይ ነኝ። በአንድ ነገር እጅ ይፍታታ፤ ዐሥር ነገር ቀምሶ ከመውጣት ይሻላል። ጋሼ እንደማይስማሙ አውቃለሁ።

ጡረተኛው፦
እስማማለሁ። አጓት እስካልሆነ ድረስ።

ሎድ ማሟያ፦
የትምህርት ቤቱን ሒሳብ ሹም ጠየቅኩት። «ሴትየዋ ቲን ነምበር አላት? የብቃት ማረጋገጫስ አላት? ከሌላት እንዴት አድርጌ እከፍላለሁ?» አለኝ። እንግዲህ ሠላሳ ዓመት ጀበና የሠራች ሴት ሲኦሲ ተፈትና ትምጣ?

አወያይ፦
እሱን ለእኔ ተዉት። የወላጅ ኮሚቴው በቃለ ጉባኤ ወስኖ የሚከፍልበት መንገድ ካለ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሄጄ እጠይቃለሁ።

የ2ኛ ሐ መምህርት፦
ክረምቱ እስኪመጣ አልጠብቅም። ሰኞ ከሰዓት ክፍለ ጊዜ አለኝ፤ ልጆቹ ላሙን እንደገና እንሥራ ብለው ይዘውኛል። እማማ ለግማሽ ሰዓት ብቅ ይሉ ይሆን? ትራንስፖርቱ በእኔ።

የሸክላ ልጅ፦
ሰኞና ሐሙስ ገበያ ናት፤ አትገኝም። ማክሰኞ ይሁን። ቲቸር፣ አፈሩን ግን ከዛሬ ጀምረሽ ወቅጠሽ ንፊው። ነገ አቡክተሽ ላስቲክ ውስጥ እሰሪው። ገሉን እኛ እናመጣለን፤ ባለፈው ሳምንት ሁለት ጀበና ተሰብሮብናል።