ዘይቱ ሳይፈስ ፊልተር ይቀየራል? የድሬና የሐረር ባለሞተሮች ክርክር

ተላላኪው (ከዚራ)፦
አቦ ፍረዱኝ። ባለፈው ዘይት ስቀይር ለሞተሬ የሚሆን ፊልተር ታይዋን ገበያ ዞሬ ዞሬ አጣሁና በአሮጌው ቀጠልኩ። ትናንት ተገኘ። ዘይቱ ገና 600 ኪሎ ሜትር ነው የሄደው። ጋራዥ ስወስደው መካኒኩ «ዘይቱ ካልፈሰሰ ፊልተሩን አልነካም» ብሎ ድርቅ አለ። አጠገቡ ጎማ የሚለጥፈው ልጅ ደግሞ «አጋድሞ መክፈት ነው፣ ከስኒ አያልፍም» ይላል። ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸው። ዘይት ስንት እንደገባ ታውቃላችሁ፤ ደህናውን ለምን ልድፋ?

ባለ ጋራዡ (ሳቢያን)፦
የጎማው ልጅ ልክ ነው፣ ለሁሉም ሞተር ግን አይደለም። ኢንጂኑ ሲጠፋ ዘይቱ ወርዶ ካርተር (ከኢንጂኑ ስር ያለው የዘይት ቋት) ውስጥ ይተኛል። ፊልተሩ በቀኝ በኩል ከፍ ብሎ በትንሽ ክዳን ከተሸፈነ፣ ሞተሩ በጎን ስታንዱ ሲቆም ወደ ግራ ያጋድላል፤ ዘይቱም ወደ ግራ ይሸሻል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ሞተሩ ቆሞ ያድራል። ጠዋት ከስሩ ጣሳ አኖራለሁ፣ የክዳኑን ቡሎኖች በ8 ቁልፍ በየተራ አላላለሁ። ክዳኑ ሲላቀቅ ፊልተሩ ቤት ውስጥ የቀረችው ዘይት ጠብ ጠብ ትላለች፤ አንድ ስኒ፣ ቢበዛ ሁለት። አዲሱን አስገብቼ የክዳኑን ጎማ ቀለበት እቀይራለሁ (አሮጌው ተጨፍልቋል፣ አትመልሱት)። ስታጠብቁ ጉልበት አታሳዩ፤ ቡሎኑ ቀጭን ነው፣ አሉሚኒየሙ ጥርሱ ይበላል። ከዚያ ሁለት ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋት፣ ትንሽ መቆየት፣ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ መለካት። የጎደለውን በዚያው ዓይነት ዘይት መሙላት ነው።
ፊልተሩ ከታች ሆኖ እንደ መኪና የሚጠመዘዝ ከሆነ ግን አትሞክሩት። ዘይቱ እጅጌያችሁ ውስጥ ነው የሚገባው።

ባለ ቻይና (መጋላ)፦
እኔ ጋ ፊልተር የሚባል የለም እንዴ? ከፍቼ ያገኘሁት ወንፊት ነው።

ባለ ጋራዡ፦
የሆንዳ ሲጂ 125 ዘር ከሆነ የወረቀት ፊልተር የለውም። ከታች ወንፊት አለ፤ ከቀኙ ትልቅ ክዳን ጀርባ ደግሞ እየተሽከረከረ ቆሻሻውን ወደ ዳር የሚወረውር ማጣሪያ። ወንፊቱን ስትፈታ ዘይቱ አብሮ ይወርዳል፣ ወደድክም ጠላህም።

ሸዋ በር (ሐረር)፦
እኔ ከመካኒኩ ጋር ነኝ፤ የተቃጠልኩ ሰው ነኝ። ካቻምና አንድ ጋራዥ «ሳናፈስ ቶሎ እንቀይርልህ» ብሎ ፊልተሩን ገልብጦ አስገባው። የኔ ሞተር ላይ ቀዳዳው ጎን ወደ ውስጥ ነበር መሆን ያለበት። ከድሬ ወጣሁ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1,900 ገደማ፤ ያንን ዳገት ዕቃ ጭነህ በሁለተኛ ማርሽ ስትወጣ ኢንጂኑ ምን እንደሚሆን የሞከረ ያውቀዋል። ደንገጎ ዳገት አጋማሽ ላይ ድምጿ ተቀየረ፣ ጭርርር አለች፣ የኋላው ጎማ ታሰረ። ቴስታታው (የኢንጂኑ ራስ) ሲከፈት ካምሻፍቱ፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ተቃጥሎ ሰማያዊ ሆኗል። ዘይት እኮ ሙሉ ነበር! አልደረሰውም እንጂ።

ባለ ጋራዡ፦
ወላሂ አሳዘንከኝ። ግን ጥፋቱ የመገልበጡ ነው፤ ዘይቱን አፍስሶም ይገለብጠው ነበር።

ሸዋ በር፦
እሺ ይሁን። ሌላም አለኝ። በመኪና ፍሪሲዮኑና ማርሹ ለብቻቸው ናቸው። የኛ ሞተር ላይ ግን ያው አንድ ዘይት ኢንጂኑንም ማርሹንም ፍሪሲዮኑንም ያጥባል። የፍሪሲዮን ብናኝና የብረት ፍቅፋቂ ያለው እዚያው ውስጥ ነው። ፊልተር ይህን ይይዛል፤ ያረጀ ዘይት ግን አያድስም፣ የተቀላቀለ ቤንዚንም አያወጣም። አንዴ «ይቻላል» ካላችሁ ሰው ፊልተር እየቀያየረ በአንድ ዘይት ዓመት ሊያዘግም ነው።

ተላላኪው፦
የኔ 600 ነው አልኩህ!

ሸዋ በር፦
ላንተ አልከለከልኩም። የሚያነበውን ፈርቼ ነው።

እንግዳ (አዲስ አበባ)፦
ይቅርታ፣ የሳቢያኑ ባለ ጋራዥ፣ እርስዎ ለመሙያ የመኪና ዘይት ይፈቅዳሉ?

ባለ ጋራዡ፦
እርስዎ ማን ነው? የድሬ ሰው ነው የምታናግረው፣ አንተ በለኝ። አልፈቅድም። ነዳጅ ይቆጥባል ተብሎ የሚሸጠው የመኪና ዘይት ፍሪሲዮን ያንሸራትታል። ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA፣ ለሞተር ብስክሌት ፍሪሲዮን የሚስማማ ዘይት ምልክት) የሚል ፈልግ።

ገንደ ቆሬ፦
እናንተ ስለ ስኒ ትከራከራላችሁ፣ የፈሰሰው ሊትር የት እንደሚሄድ የጠየቀ የለም። ደቻቱ ወንዝ ዳር ዘይት የሚቀየርበትን ቦታ እዩት፤ አሸዋው ጠቁሮ እንደ አስፋልት ሆኗል። ልጁ ቡሎኑን ፈትቶ ዘይቱን እዚያው ይለቀዋል፣ በእግሩ አሸዋ ይመልስበታል። ይህች ከተማ የምትጠጣው የጉድጓድ ውኃ ነው። አሸዋ ውኃ ያሳልፋል፣ ዘይትም ያሳልፋል። ደቻቱ ደግሞ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ በ1998 ክረምት ጎርፉን ያየ አይረሳውም፤ ያንን ሁሉ ጠራርጎ ነው የሚሄደው። እኔን ብትጠይቁኝ ደቻቱ ውስጥ ዘይት መቀየር ይከልከል።

ባለ ቻይና፦
ይከልከል ማለት ቀላል ነው። እነዚያ ልጆች ጋራዥ መከራያ ቢኖራቸው ፀሐይ ላይ ይውሉ ነበር?

ገንደ ቆሬ፦
ጋራዥ አላልኩም፣ ጀሪካን ነው የምለው። አንገቱን የቆረጡት አሮጌ ጀሪካን ስር ማኖር ምን ይከለክላል? የተቃጠለ ዘይት ለምስጥ ብለው አጣና የሚቀቡ ሰዎች በገንዘብ ይገዙታል።

ባለ ቻይና፦
መጀመሪያ ይከልከል ነበር ያልሽው።

ገንደ ቆሬ፦
አሁንም እላለሁ። ጀሪካን የሌለው ይከልከል።

ሸዋ በር፦
አጣና ተቀብቶ መሬት ሲተከል ያው መሬት አይደለም ወይ የሚገባው? ይህን ደግሞ መልሺልኝ።

ገንደ ቆሬ፦
ይገባል፣ አልክድም። ግን በብሩሽ የተቀባና ሊትር ሙሉ የተደፋ አንድ ነው?

ተላላኪው፦
ዛሬ ጠዋት አደረግኩት፣ በረንዳዬ ላይ። አንድ ስኒ ተኩል ወረደ። አሮጌው ፊልተር እጥፋቶቹ መሃል ጥቁር ጭቃ ይዟል፤ ላዩ ላይ በጣት ስታሸው የሚያብረቀርቅ ነገር ነበረው፣ ሸዋ በር ያልከው የብረት ፍቅፋቂ መሰለኝ፣ ትንሽ አስደንግጦኛል። ክዳኑ አላፈሰሰም። ዘይቱን ግን 2,000 ሳይሞላ እቀይረዋለሁ። ጣሳዋ እዚሁ ናት፤ ገንደ ቆሬ፣ ዘይት የሚገዛው ሰው የት ነው?

ገንደ ቆሬ፦
አሸዋ ገበያ ጀርባ፣ አጣና ተራ ጠይቅ። ክዳን ያለው ዕቃ ይዘህ ሂድ፤ ባለፈው አንዱ በፌስታል አምጥቶ በሩ ላይ ፈነዳበት።