አስቸኳይ! የ1985 የዶላር ምንዛሪ 2.07 ነው ወይስ 5? ሠንጠረዤ ተበላሸብኝ

የቡሬዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ነገ ጠዋት የገበሬ ማኅበራችን ጉባኤ አለ። ከ1975 እስከ 2016 የገዛነውን ማዳበሪያ ዋጋ በብርም በዶላርም ኤክሴል ላይ እየሠራሁ ነው። ብሩን ከመዝገባችን ወሰድኩ። የዶላሩን የዓመት አማካይ ምንዛሪ ከኢንተርኔት አውርጄ ጎን ለጎን ለጠፍኩ። እስከ 1984 ድረስ ሰላም ነው። 1985 ላይ ሠንጠረዡ 2.07 ይላል፣ መዝገቡ ግን 5 ብር ብሎ አስልቷል። በዶላር ስቀይረው ዋጋው ድንገት ከእጥፍ በላይ ዘሎ ቁጭ! የቱን ልመን? መብራት ሳይሄድ ልጨርሰው፣ እባካችሁ ቶሎ።

ዳንግላ፦
ሴሉን ቀኝ ክሊክ አድርጊና ፎርማቱን ወደ ቁጥር ቀይሪው። ነጥብና ኮማ ሲምታታ እንዲህ ያደርጋል።

የቡሬዋ፦
አድርጌዋለሁ። ቁጥር ነው። አልተለወጠም።

ጋሽ መዝገቤ፦
ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ ያዢው። ብራችን በ1937 ሲወጣ 1 ዶላር በ2.48 ብር ነበር። በ1956 2.50 ሆነ። ከዚያ የተወደደው ብር ነው፤ ዛሬ ለሚሰማው ሰው ይገርማል። አሜሪካ ዶላሯን ስታረክስ በ1964 ወደ 2.30፣ በየካቲት 1965 ደግሞ ወደ 2.07 ወረደ። ደርግ መጣ፣ ደርግ ሄደ፣ 2.07 ንቅንቅ አላለም። 20 ዓመት ያህል! ግን የባንኩ ዋጋ ብቻ ነው የቆመው። በደርግ መጨረሻ ጥቁር ገበያው ከባንኩ ከእጥፍ በላይ ነበር። ስለዚህ 2.07 ትክክል ነው ስትይ የቱን ገበያ እንደምትይ ልብ በይ።

የሞጣው፦
ጋሼ፣ ልጅቷ መብራት ሳይሄድ አለች እኮ! እርስዎ ገና 1937 ላይ ነዎት። 😀

ጮቄ፦
እኔ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። ገበሬው ማዳበሪያውን በዶላር አይገዛም። ከፈለግሽ እንዲህ አስዪው፦ አንድ ኩንታል ዩሪያ ለመግዛት ስንት ኩንታል በቆሎ መሸጥ ነበረበት? ቡሬና ጃቢ ጠህናን ያለ ሰው የሚገባው ይሄ ነው። ዶላሩን ተይው።

የቡሬዋ፦
ወንድሜ፣ አባላቱ ናቸው የጠየቁት። «ለምን ተወደደ?» ሲሉ ሁልጊዜ «ዶላር ጨመረ» እንላቸዋለን። ታዲያ ስንቱ በዶላር፣ ስንቱ በሌላ ምክንያት እንደጨመረ ማየት መብታቸው ነው። ማዳበሪያው የሚመጣው ከውጭ፣ የሚከፈለውም በዶላር ነው። የበቆሎውንም ሐሳብህን እጨምረዋለሁ፣ ጥሩ ነው።

ዳንግላ፦
ፎርማቱን ቀይረሽ ፋይሉን ዘግተሽ ክፈቺው።

ብቸና፦
እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የሠንጠረዡ የመጨረሻ ረድፍ፣ 2016፣ ስንት ይላል?

የቡሬዋ፦
21 ብር ከምናምን።

ብቸና፦
በቃ፣ ችግሩ እሱ ነው። በኛ 2016 አብዛኛውን ጊዜ ዶላር በባንክ ከ55 ብር በላይ ነበር። ያወረድሽው ምንዛሪ በፈረንጆች ዓመት ነው፣ መዝገባችሁ በኛ። ከ1975 እስከ 1984 የገጠመልሽ በሁለቱም አቆጣጠር 2.07 ስለነበረ ብቻ ነው። ስህተቱ ተደብቆ የቆየው ለዚህ ነው።

የፈረንጆቹ 1985 የኛ 1977 አጋማሽ ነው፣ የደርግ ዘመን፤ ስለዚህ 2.07። የኛ 1985 ደግሞ የሽግግር መንግሥቱ ብርን ወደ 5 ያወረደበት ዓመት ነው። ቀኑ መስከረም 21፣ በፈረንጆች ኦክቶበር 1 ቀን 1992። ስለዚህ መዝገባችሁም ሠንጠረዡም አልዋሹም።

አሁን የምንዛሪውን ዓምድ 8 ረድፍ ወደ ላይ ሳቢው። ያኔ የኛ 1985 ከፈረንጆቹ 1993 ጋር ይገጥማል፣ የኛ 2016 ከ2024 ጋር። ከታች ባዶ የሚቀሩትን ረድፎች እስከ ፈረንጆቹ 2024 አውርደሽ ሙያቸው።

የሞጣው፦
መስከረም 21፣ የግሸን ማርያም ዕለት!

ጋሽ መዝገቤ፦
ብቸና ልክ ነው። አንድ ልጨምር። ዓምዱን ስትስቢ የኛ 1984 ላይ 2.80 የሚል ቁጥር ይገባብሻል። እንዳትጽፊው። በ2.80 የመነዘረ ባንክ አልነበረም። የፈረንጆቹ 1992 9 ወር በ2.07፣ 3 ወር በ5 አልፎ፣ አማካዩ ነው 2.80 የመጣው። የኛ 1984 ከዳር እስከ ዳር 2.07 ነው። 1985ን 5 አድርጊው፣ በ2.07 ያለፈው 20 ቀን ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የዶላር ጨረታ ተጀምሮ ሁለተኛ፣ ከፍ ያለ ምንዛሪ መጥቷል። የማኅበሩ ወረቀት ላይ የትኛው እንደተጻፈ እዪ።

ጮቄ፦
በዚሁ ከሄድን 2016ም ተመሳሳይ ወጥመድ አለው። ምንዛሪው ለገበያ የተለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። ከ57 ብር ገደማ በአንድ ቀን ወደ 74 ዘለለ፣ ነሐሴ ላይ 100 አለፈ። የዚያ ክረምት ማዳበሪያ ግን ከዚያ በፊት ተገዝቶ ገበሬው እጅ ገብቷል። የፈረንጆቹን 2024 አማካይ ከወሰድሽ ያልተከፈለ ዶላር ትቆጥሪበታለሽ። ግዢው የተፈጸመበትን ወር ምንዛሪ ውሰጂ። ጥቅምት 1 ቀን 2010 ላይም ብር በ15 በመቶ ወርዷል፣ እሱንም እዪው።

ዳንግላ፦
እሺ፣ የኤክሴል ችግር አልነበረም ማለት ነው። ግን እህቴ፣ ዓምዱን ከመሳብሽ በፊት ፋይሉን በሌላ ስም ሴቭ አድርጊው።

ብቸና፦
የቡሬዋ፣ ሠራልሽ?

የሞጣው፦
መብራት ሄዶባት ይሆናል። እኛም ጋ ሄዷል።

አዴት፦
ይቅርታ፣ በዚሁ ላይ ልጠይቅ። የአባቴ የደመወዝ ወረቀት በ1963 ነው። በዶላር ለማስላት 2.50 ነው 2.30?

ጋሽ መዝገቤ፦
2.50። 2.30 የመጣው በ1964፣ ከታኅሣሥ ወዲህ ነው።